የካናል ጀልባ ጭስ ምንድን ነው የሚነግረን?

ብዙዎቹ የእንግሊዝ ካናሎች፣ ማለትም ለጀልባ መሄጃ የተቆፈሩ የውሃ ቦዮች፣ ጠባብ ናቸው። የሚሄዱባቸው ጀልባዎችም እንደዚያው። ወርዳቸው ሁለት ሜትር ከትንሽ ነው፤ ርዝመታቸው ግን አንዳንዴ 20 ሜትር ያልፋል። ናሮውቦት ይባላሉ፤ ቤቱ አድርጎ የሚኖርባቸውም ብዙ ሰው አለ። ውስጣቸው ያለው የናፍታ ሞተር ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። አንዳንዱ ኩቦታ ነው፣ አንዳንዱ አይሱዙ። አዎ፣ እኛ አገር እህል የሚጭነው አይሱዙ።

የጭስን ቀለም ብዙ ሰው ያውቀዋል። ጥቁር ከሆነ ናፍታው በዝቷል ወይም አየር አንሷል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው። ነጭ ከሆነ ናፍታው ሳይነድ እየወጣ ነው፣ አለዚያም ውሃ ገብቷል። ቀለሙ ግን ምን እየወጣ እንደሆነ እንጂ ለምን እንደሆነ አይነግራችሁም። ለዚያ ጭሱ መቼ እንደሚመጣ ማየት ነው። ሲነሳ ነው? ጭነት ሲበዛበት? ወይስ በሚኒሞ፣ ማለትም ሳይነዳ በዝቅተኛ ዙር እየሠራ፣ ብዙ ከቆየ በኋላ? ካናል ላይ ደግሞ ጥፋቱ ከነጭራሹ ሞተሩ ጋ ላይሆን ይችላል።

ጥቁሩን እንይ። መካኒክ ጥቁር ጭስ ሲያይ ሐሳቡ ወዲያው ወደ ፊልትሮና ናፍታ ወደሚረጨው ኖዝል ይሄዳል። ካናል ላይ ግን መጀመሪያ የሚታየው ውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባዋን የሚገፋው ፕሮፔለር ነው። ውሃው ውስጥ የማይጣል ነገር የለም፦ ፌስታል፣ ገመድ፣ የዓሣ ማጥመጃ ክር፣ አሮጌ ልብስ። ይሄ ሁሉ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ይሠራል። ጀልባዋ ትንቀጠቀጣለች፣ አልሄድም ትላለች፣ ጭሱ ይጠቁራል።

አብዛኞቹ ናሮውቦቶች ለዚሁ ሲባል ከፕሮፔለሩ በላይ ክዳን ያለው ሳጥን አላቸው። ሞተሩ ይጠፋል፣ ቁልፉ ተነቅሎ ኪስ ይገባል፣ ክዳኑ ይከፈታል። ከዚያ እጅን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እስከ ክንድ ከትቶ፣ በዳበሳ፣ የተጠመጠመውን በቢላዋ መቁረጥ ነው። ክዳኑን መልሶ ጥርቅም አድርጎ ማሰር የግድ ነው። በላላ ክዳን ውሃ ገብቶ የሰጠሙ ጀልባዎች አሉ።

ውሃው ጥልቀት ሲያንሰውም ያው ነው። ነዳጅ ሲጨመርላት ጀልባዋ በመፍጠን ፈንታ ኋላዋ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ጭሱም ይብሳል። መፍትሔው ቀስ ማለት ነው። በአብዛኞቹ ካናሎች ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 4 ማይል፣ ማለትም ከ6 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ስለሆነ ለመቸኮል መሞከሩም አይገባኝም። ፕሮፔለሩ ነፃ ሆኖ፣ ውሃው ጥልቅ ሆኖ አሁንም ካጨሰ ያኔ ወደ አየር ፊልትሮ፣ ከዚያ ወደ ኖዝል። የሞተር ክፍሉን የአየር ማስገቢያም ማየት ነው፤ ብርድ ፈርቶ የሚደፍነው አይጠፋም።

ሰማያዊውን ግን የካናል ኑሮ ራሱ ነው የሚያመጣው። ጀልባው ቆሞ ሰው ባትሪ ለመሙላት ሞተሩን በሚኒሞ ለሰዓታት ያስነሳዋል። ጭነት የሌለው ሞተር በደንብ አይሞቅም፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊትም ትንሽ ነው። የፒስተኑን ፋሻ (ዙሪያውን ያለውን የብረት ቀለበት) ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር አጥብቆ የሚያገጥመው ደግሞ ያ ግፊት ነው። ግፊቱ ሲያንስ ዘይት ሾልኮ ይወጣና ይቃጠላል። ቃጠሎው ግድግዳው ላይ ሆን ተብለው የተሠሩትን፣ ዘይት የሚይዙትን ቀጫጭን ጭረቶች ይደፍናል። ግድግዳው እንደ መስታወት ይለሰልሳል። ከዚያ ወዲያ ሞተሩ ዘይት መብላት ይጀምራል። ለሞተሩ አዝኖ በቀስታ የሚያሠራው ሰው ነው እንግዲህ የሚጎዳው። በጊዜ ከተደረሰበት ጭነት አስይዞ ረዘም ላለ ጊዜ መንዳት ሊያሻሽለው ይችላል። ካለፈ ግን ሞተሩ ተፈቶ ግድግዳው እንደገና መጫር አለበት። በፀሐይ ኃይል ባትሪ መሙላት ከዚህ ሁሉ ይገላግላል።

ግን ሞተር ይፈታ ከማለታችሁ በፊት የዘይት መለኪያውን ሳቡት። ዘይት ከልክ በላይ ስለተሞላ ብቻ ሰማያዊ የሚያጨስም አለ። ሳትጨምሩበት ዘይቱ ከፍ እያለ ከሄደ ናፍታ ወይም ውሃ እየገባበት ነው፤ ምክንያቱ ሳይገኝ አታስነሱት።

ነጩ ለመለየት ቀላል ነው። ጠዋት በብርድ ሲነሳ ለትንሽ ደቂቃ ቢወጣ አያስደነግጥም። እየቆየ ከመጣ ማሞቂያ ካንዴላው ይፈተሽ። እንፋሎት ትንሽ ሄዶ ይጠፋል። ያልነደደ ናፍታ ግን ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ይቆያል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ይሸታል። ብዙዎቹ ናሮውቦቶች የካናሉን ውሃ ወደ ሞተር አያስገቡም። የሞተሩ ውሃ የሚቀዘቅዘው ከጀልባዋ የብረት ጎን ጋር በተበየደ ታንክ ውስጥ እየዞረ ነው፤ ጭስ ማውጫውም ደረቅ ነው። ስለዚህ ከሞቀ በኋላ እንፋሎት ካላቋረጠና የማቀዝቀዣው ውሃ ከጎደለ የቴስታታው፣ ማለትም የሲሊንደሮቹ ክዳን፣ ጋስኬት ይጠርጠር። ብዙዎቹ የፋይበር ግላስ ጀልባዎች ግን ውሃ ከጭሱ ጋር ቀላቅለው ስለሚተፉ የእነሱ እንፋሎት ጤና ነው። በጎረቤት ጀልባ የራስን አትመርምሩ።

መካኒክ ስትጠሩ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ንገሩት፦ ሲነሳ ነው ወይስ ሲጫን፣ ዘይቱ ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም። ሞተር እንፍታ ካላችሁ ደግሞ ኖዝሎቹ ተፈትሸው፣ ኮምፕሬሽኑ (የሲሊንደሮቹ ግፊት) ተለክቶ እንደሆነ ጠይቁት።