«ኢንተርኔት ያመጣው ነገር ነው» እና ሌሎች ስሕተቶች፦ የትራንስጀንደር ሰዎች መደጋገፊያ ማኅበራት እንዴት ተጀመሩ?

ስለ ትራንስጀንደር ሰዎች፣ ማለትም ሲወለዱ ከተባለላቸው ጾታ በተለየ ጾታ ስለሚኖሩ ሰዎች፣ ወሬ ሲነሳ ጨዋታው ወዲያው ይሞቅና ክርክር ይሆናል። ክርክሩ ለዛሬ ይቆየን። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ ደጋፊውም ተቃዋሚውም ታሪኩን ሲያወራ እኩል ይሳሳታል። በተለይ እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ እንዴት ተፈላልገው እንደተገናኙ የሚያውቅ ጥቂት ነው። እድርና እቁብ ባለበት አገር ላደገ ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚጥመው ክፍል እሱ ነው፤ ማን ቀድሞ ጠራ፣ የት ተሰበሰቡ፣ ማንን አስገቡ፣ ማንን በር ላይ መለሱ።

ሁለት ነገር ላስቀድም። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። «ትራንስጀንደር» የሚለው ቃልም ዘግይቶ የመጣ ነው። ያኔ የተቃራኒ ጾታ ልብስ የሚለብሰው «ትራንስቬስታይት»፣ ሰውነቱን በሕክምና መለወጥ የሚፈልገው ደግሞ «ትራንስሴክሹዋል» ይባል ነበር።

«ኢንተርኔት ያመጣው ነገር ነው»

በ1919 በርሊን ውስጥ ማግኑስ ሂርሽፌልድ የተባለ ሐኪም የጾታ ጥናት ተቋም ከፈተ። ተቋሙ ማከሚያም፣ ቤተ መጻሕፍትም፣ መጠጊያም ነበር። ሌላ ቦታ ሥራ የተከለከሉ ሰዎች እዚያው በቤት ሠራተኛነት ይቀጠሩ ነበር። የበርሊን ፖሊስም ሐኪም ለመሰከረላቸው ሰዎች የተቃራኒ ጾታ ልብስ ለብሰው ቢገኙ የሚያሳዩት ወረቀት ይሰጥ ነበር። በ1933 ግንቦት ወር ናዚዎች ተቋሙን ዘረፉ፤ መጽሐፎቹን አደባባይ አውጥተው አቃጠሉ። ሂርሽፌልድ ያኔ ውጭ አገር ነበር። ወደ ጀርመን ሳይመለስ በ1935 ኒስ ከተማ ሞተ።

በርሊን ላይ እሳት የበላው ነገር አሜሪካ ውስጥ በጣም በትንሹ እንደገና ተጀመረ። ያስጀመረችው ሉዊዝ ሎውረንስ ትባላለች፤ ከ1940ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሙሉ ለሙሉ እንደ ሴት የኖረች። ዘዴዋን ልብ በሉ። መጽሔት ላይ ትንሽ ማስታወቂያ ታወጣለች። ጋዜጣ ስታነብ ደግሞ «የሴት ልብስ ለብሶ ተያዘ» የሚል ዜና ካየች ለተያዘው ሰው ደብዳቤ ትጽፋለች። ለሌላው ሰው መሳቂያ የሆነው ዜና ለእሷ የአድራሻ ምንጭ ነበር። እንዲህ እያለች ከብዙ ከተማና ከውጭ አገርም ሰዎችን በደብዳቤ አገናኘች፤ ታዋቂው የጾታ ተመራማሪ አልፍሬድ ኪንሴይም ሰዎቹን ያገኘው በእሷ በኩል ነበር።

በ1952 ከዚሁ ክበብ «ትራንስቬስቲያ» የተባለች ትንሽ ጋዜጣ በማባዣ መሣሪያ እየተባዛች ለሁለት እትም ወጣች። የላኩላቸው ሰዎች ስም ዝርዝር የተወሰደው በአብዛኛው ከሎውረንስ የአድራሻ ደብተር ነው። የዚያኑ ዓመት ታኅሣሥ 1 ቀን የኒው ዮርክ ጋዜጣ ዴይሊ ኒውስ የክርስቲን ጆርገንሰንን ታሪክ የፊት ገጹ ላይ አወጣ። የቀድሞ የአሜሪካ ወታደር ነበረች፤ ዴንማርክ ሄዳ ጾታዋን በሕክምና ያስለወጠች። በሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ ጎረፈላት። ከጸሐፊዎቹ ብዙዎቹ «እኔ ብቻ ነኝ» ብለው ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰዎች ነበሩ።

«ዓላማው ተሰብስቦ መጨፈር ነበር»

ይሄንን የሚል ሰው ስለ «ሆዝ ኤንድ ሂልስ ክለብ» አልሰማም፤ ትርጉሙ የስቶኪንግና የታኮ ጫማ ክበብ ማለት ነው።

ነገሩ የሆነው ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ1961 ነው። ቨርጂኒያ ፕሪንስ የምትባል፣ ወንድ ተብላ የተወለደች፣ በፋርማኮሎጂ ዶክትሬት ያላት ሰው ትራንስቬስቲያን ከ1960 ጀምሮ እንደገና ታሳትም ነበር። ከአንባቢዎቿ ጥቂቶቹን ለስብሰባ ጠራች። የመጡት የወንድ ልብሳቸውን ለብሰው ነው፤ ብዙዎቹ ባለትዳርና ባለ ሥራ ሰዎች። እያንዳንዳቸው በከረጢት አንድ ስቶኪንግና አንድ ታኮ ጫማ ይዘው እንዲመጡ ተነግሯቸዋል። ሁሉም ከተቀመጡ በኋላ ፕሪንስ «አሁን አውጥታችሁ አድርጉ» አለች። እኩል፣ በአንድ ጊዜ።

ለምን? መሃላቸው ሲቪል የለበሰ ፖሊስ ቢኖርስ? ሁሉም አንድ ላይ ካጠለቀ ማንም ማንን መጠቆም አይችልም። አንዱ ሌላውን ቢያጋልጥ ራሱም ይጋለጣል። ይህ የጭፈራ ሰዎች ሥርዓት አይደለም። እርስ በርስ የማይተዋወቁ፣ የሚፈሩ ሰዎች ቃል ኪዳን ነው፤ በኛ ቢሆን እንጀራ ቆርሶ መማማል እንደማለት።

ፍርሃታቸው ደግሞ ባዶ አልነበረም። ሳን ፍራንሲስኮ የተቃራኒ ጾታ ልብስ ለብሶ አደባባይ መውጣትን የሚከለክል ደንብ ያወጣችው በ1863 ሲሆን የሻረችው በ1974 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ማለት ነው። ፕሪንስ ራሷም ለአንድ ሰው በጻፈችው የግል ደብዳቤ ምክንያት «ጸያፍ ነገር በፖስታ ልከሻል» ተብላ በፌደራል ፍርድ ቤት ተከሳለች።

«ለሁሉም ክፍት ነበሩ፤ አንድ ቤተሰብ ነበሩ»

ይሄኛው የደጋፊዎች ስሕተት ነው፤ ስለዚህ እሱንም ሳልነካ አላልፍም።

ከስቶኪንጉ ክበብ በ1962 አገር አቀፍ ማኅበር ተወለደ። መግቢያው ግን ጠባብ ነበር። ግብረ ሰዶማውያን አይገቡም። በቀዶ ሕክምና ጾታቸውን መለወጥ የሚፈልጉም አይገቡም። የሚፈለጉት ሴቶችን የሚወዱ፣ ቢቻል ያገቡ፣ የሴት ልብስ መልበስ የሚፈልጉ ወንዶች ብቻ ናቸው። ፕሪንስ «እኛ ጨዋ ሰዎች ነን» የሚለውን ምስል ለመጠበቅ ስትል ከሁሉም በላይ ድጋፍ የሚያሻቸውን ደጅ አስቀረች። እኔ እዚህ ላይ አላዝንላትም፤ በሩን የዘጋችው በራሷ እጅ ነውና። የሚገርመው ደግሞ እሷ ራሷ ኋላ ላይ፣ ቀዶ ሕክምና ሳታደርግ፣ ቀሪ ዕድሜዋን ሙሉ ለሙሉ እንደ ሴት መኖሯ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በ1966 የተቋቋመው ቦሞንት ሶሳይቲም የዚሁ ማኅበር ቅርንጫፍ ሆኖ ስለጀመረ መጀመሪያ ላይ ያንኑ ደንብ ወርሶ ነበር።

ደጅ የቀሩትስ የት ሄዱ?

«ሁሉም ነገር በስቶንዎል ጀመረ»

ስቶንዎል ኒው ዮርክ ውስጥ ያለ፣ ግብረ ሰዶማውያንና ትራንስጀንደር ሰዎች ይሰበሰቡበት የነበረ መጠጥ ቤት ነው። በ1969 ፖሊስ ሲወርረው ደንበኞቹ ተነሡበት፤ ዝናው እስከ ዛሬ አለ። ከዚያ ሦስት ዓመት በፊት ግን ሳን ፍራንሲስኮ ተንደርሎይን በሚባለው የድሃ ሰፈር ተመሳሳይ ነገር ሆኖ ነበር።

ተርክና ቴይለር መንገዶች የሚገናኙበት ጥግ ላይ ኮምፕተንስ የሚባል ምግብ ቤት ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ነበር፤ ርካሽም ነበር። ሌላ ቦታ የማያስገቧቸው፣ ብዙዎቹም ጎዳና ላይ የሚሠሩ ትራንስ ሴቶች (ወንድ ተብለው ተወልደው እንደ ሴት የሚኖሩ) የሚሰበሰቡት እዚያ ነበር። በነሐሴ 1966 አንድ ሌሊት ፖሊስ ገብቶ አንዷን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ የያዘችውን ቡና ፊቱ ላይ ደፋችበት። ከዚያ ሰሐኑም፣ የስኳር ዕቃውም፣ ወንበሩም በረረ። የቤቱ መስታወት ረገፈ። ጋዜጦች ስላልዘገቡት ቀኑ እንኳ ተመዝግቦ አልቀረም። ታሪክ ጸሐፊዋ ሱዛን ስትራይከር ናት ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ፍንጩን ተከትላ ከተረሳበት ያወጣችው።

ለኛ ጉዳይ ዋናው ከረብሻው በኋላ የመጣው ነው። በ1967 «ኮንቨርዥን አወር ጎል» የተባለ ቡድን ተመሠረተ፤ «ለውጥ ግባችን» እንደማለት። ትራንስሴክሹዋል ሰዎች ራሳቸው ለራሳቸው ካቋቋሟቸው የሚታወቀው የመጀመሪያው መደጋገፊያ ቡድን ይህ ነው። ስብሰባው የት እንደነበር ብነግራችሁ ላታምኑ ትችላላችሁ፤ ግላይድ በሚባል የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ።

ወሬያቸው ስለ ፍልስፍና አልነበረም። ስለ መታወቂያ ነበር። መታወቂያሽ ወንድ እያለ ሴት ሆነሽ ብትቀርቢ ማን ይቀጥርሻል? ማን ቤት ያከራይሻል? ባንክስ ደብተር ይከፍትልሻል? የከተማው ጤና ቢሮ አንድ ክሊኒክ በሕክምና ላይ መሆናቸውን የሚገልጽ፣ በአዲሱ ስማቸው የተጻፈ ካርድ መስጠት ጀመረ። ትንሽ ወረቀት ናት። ግን መንገድ ላይ ለሚያስቆም ፖሊስ የምትዘረጋ ነገር ተገኘች፤ ከጎዳናው ወደ መደበኛ ሥራ ለመሻገርም በር ከፈተች። መታወቂያ ለማውጣት ቀበሌ የተመላለሰ ሰው ይሄን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

«ፖሊስ ሁሌም ጠላታቸው ነበር»

በአብዛኛው አዎ። ግን ኤሊየት ብላክስቶንን ሳይጠቅሱ ማለፍ ግፍ ነው።

ብላክስቶን የሳን ፍራንሲስኮ ፖሊስ ነው። ሥራው ፖሊስንና የከተማውን የተገለሉ ሰዎች ማቀራረብ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ትራንስ ሴት ቢሮው ትመጣለች። ዶክተር ሃሪ ቤንጃሚን በ1966 ስለ ትራንስሴክሹዋል ሰዎች ያሳተመውን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ትወረውርለትና «ለወገኖቼ አንድ ነገር አድርግ» ትለዋለች። ሌላ ሰው ቢሆን አስወጥቷት ነበር። እሱ መጽሐፉን አነበበ።

ከዚያ በኋላ ከቡድኑ ጎን ቆመ። ሆርሞን ለመግዛት አቅም ለሌላቸው በራሱ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ዘንድ መዋጮ አሰባሰበ። ብሔራዊ የትራንስሴክሹዋል ምክር አገልግሎት የሚባል ቢሮ ሲከፈት ከፖሊስ ደመወዙን እየበላ ቢሮውን የሚያስተዳድረው እሱ ነበር። አማካሪዎቹ ራሳቸው ትራንስ ሰዎች ናቸው፤ ደመወዝ ይከፈላቸው ነበር። የብላክስቶን የገዛ ባልደረቦች ግን ነገሩን አልወደዱለትም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቢሮው በፖሊስ ተፈተሸ፤ ሠራተኛም ታሰረ። ብዙም ሳይቆይ አገልግሎቱ ተዘጋ። ብላክስቶን በ1975 ጡረታ ወጣ።

«ከጀርባው መንግሥት ነበር፤ ገንዘቡ ከየት መጣ ታዲያ?»

የአማካሪዎቹ ደመወዝ የመጣው ከአንድ ሰው ኪስ ነው፤ ከሪድ ኤሪክሰን። በ1917 ሴት ተብሎ የተወለደ፣ ኢንጂነር የሆነ፣ ሉዊዚያና ውስጥ የአባቱን የእርሳስ ማቅለጫ ድርጅት ወርሶ እጅግ የከበረ ሰው ነው። እሱም የዶክተር ቤንጃሚን ታካሚ ነበር። በ1964 ፋውንዴሽን አቋቁሞ ለጥናት ገንዘብ ሰጠ፤ ለፖሊሶችና ለካህናት ሳይቀር ጉዳዩን የሚያስረዱ ትንንሽ መጽሐፎች አሳተመ፤ ለሚጽፍለት ሁሉ የሐኪሞች አድራሻ አደለ። ቤቱ ውስጥ ሄንሪ የሚባል ነብር ያረባ ነበር። የምሬን ነው፤ ነብር።

ሁሉም ግን ኤሪክሰን አልነበረውም። በ1970 ኒው ዮርክ ውስጥ ሲልቪያ ሪቬራና ማርሻ ፒ. ጆንሰን፣ ራሳቸውን «የጎዳና ትራንስቬስታይት» የሚሉ ሁለት ጓደኛሞች፣ «ስታር» የተባለውን ቡድን ሲመሠርቱ ሪቬራ ገና 19 ዓመቷ ነበር። የጎዳና ልጆችን ለማሳደር ያገኙት የመጀመሪያ ቤት ባዶ የጭነት ተሳቢ ነው። ሪቬራ ራሷ እንደተናገረችው አንድ ጠዋት ምግብ ይዘው ሲመለሱ ተሳቢው፣ ልጆቹ ውስጡ እንደተኙ፣ መኪና እየጎተተው ይሄዳል። ከዚያ የፈራረሰ ቤት ተከራዩ። የቤት ኪራዩን ልጆቹ ከጎዳና እንዳያመጡ ብለው ሁለቱ ገላቸውን እየሸጡ ከፈሉ። በ1971 ተባረሩ።

«ከሴት ወደ ወንድ የተሻገሩ ሰዎች የሉበትም»

ኤሪክሰንን አሁን አየነው። ካናዳዊው ሩፐርት ራጅም ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ትራንስ ወንዶችን በመጽሔት ሲያገናኝ ኖሯል።

ሉ ሰሊቫን ግን የተለየ ችግር ነበረበት። ወንዶችን የሚወድ ትራንስ ወንድ ነው። ክሊኒኮቹ «እንዲህ ዓይነት ሰው የለም» ብለው ለዓመታት መለሱት፤ ልክ የፕሪንስ ማኅበር ሌሎቹን በር ላይ እንደመለሰው። በ1986 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ለትራንስ ወንዶች የራሱን ቡድን አቋቋመ። ዜና መጽሔት ያወጣ ነበር፤ የሚመጣለትን ደብዳቤ ቁጭ ብሎ ይመልስ ነበር። ሎውረንስ ከአርባ ዓመት በፊት ስታደርግ እንደነበረው ማለት ነው። የዚያኑ ዓመት ኤድስ እንዳለበት ተነገረው። በ1991 ሲሞት 39 ዓመቱ ነበር። ቡድኑ አልሞተም።

ከልጅነቱ ጀምሮ የጻፋቸው የዕለት ማስታወሻዎቹ ዛሬ ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኝ የታሪክ ማኅበር ቤተ መዛግብት ውስጥ ተቀምጠዋል። ያንን ማኅበር ከመሠረቱት ሰዎች አንዱም እሱ ነው።