በስልካችን ውስጥ ስለሚሮጠው የገጽ ሞገድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የጋዝ ምድጃ መለኮሻ ስንጫን "ቀጭ" ይልና ብልጭታ ይወጣል። ውስጡ ያለው ቁስ ሲመታ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ደግሞ ቅርጹን ይለውጣል። ፒዞኤሌክትሪክ የሚባለው ይህ ነው። የስልካችን ፊልተር፣ ማለትም የሚፈለገውን የሬዲዮ ሲግናል ከሌላው የሚለየው ክፍል፣ ውስጥም ዘመዱ አለ። እዚያ ሥራው በክሪስታል ገጽ ላይ ንዝረት ማስኬድ ነው። ይህ ንዝረት የገጽ አኩስቲክ ሞገድ ይባላል።

"አኩስቲክ ከተባለ ድምፁ ይሰማል።"
አይሰማም። የሰው ጆሮ ከ20 ሺህ ኸርዝ ገደማ አያልፍም። እነዚህ ፊልተሮች እስከ ቢሊዮኖች ኸርዝ ይደርሳሉ።

"የሬዲዮ ሲግናል ስለሆነ በብርሃን ፍጥነት ያልፋል።"
ጥቅሙ እኮ መዘግየቱ ነው! ሁለት ማበጠሪያዎች ሳይነካኩ ጥርሳቸውን ሲያጠላልፉ አስቡ። ተመራማሪዎቹ ዋይትና ቮልትመር እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳዩት ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪክ የሚያስገባው ብረት) እንደዚያ ነው። ሲግናሉ በእሱ በኩል ገብቶ ንዝረት ሲሆን ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 4 ኪሎሜትር ይወርዳል። በ1 ጊጋኸርዝ (አንድ ቢሊዮን ኸርዝ)፣ አየር ላይ 30 ሴንቲሜትር የነበረው የሞገድ ርዝመት 4 ማይክሮሜትር ይሆናል። ፊልተሩ እንዲያ የሚያንሰው ለዚህ ነው።

"ከሥር ያሉት ንብርብሮች ድጋፍ ብቻ ናቸው።"
በጣም የሚቆጨኝ ይሄኛው ነው። ክሪስታሉ በሌሎች ንብርብሮች ላይ በስሱ የሚነጠፍባቸው ፊልተሮች አሉ። ሞገዱ ከገጹ ወደ ታች አንድ የሞገድ ርዝመት ያህል ይዘልቃል። ላይኛው ንብርብር፣ ማለትም ሊቲየም ታንታሌት የተባለው ፒዞኤሌክትሪክ ክሪስታል፣ ከዚያ ከቀጠነ፣ ሞገዱ ከሥር ባሉትም ውስጥ ይኖራል። ስልኩ ፀሐይ ላይ ሲግል ሊቲየም ታንታሌት ይለሰልሳል፣ ድግግሞሹም ይወርዳል። ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከሚሊዮን 40 እጅ ቢወርድ፣ ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ሲጨምር 1 ጊጋኸርዝ ላይ 2 ሜጋኸርዝ ይዛነፋል። ለጎረቤት ሲግናል በር መክፈት ማለት ነው። ከሥሩ ያለው ሲሊከን ዳይኦክሳይድ ግን በተቃራኒው ሲሞቅ ይጠነክራል፤ አንዱ የሌላውን ያካክሳል። ከሁሉም ሥር ያለው ሲሊከን ሞገድን ይበልጥ ስለሚያፈጥን ጉልበቱ ወደ ታች ሰርጎ እንዳይባክን ያግዳል።

"ንብርብሩ በወፈረ ቁጥር ይሻላል።"
ውፍረት ብቻውን ምንም አይነግረንም። የሚለካው ከሞገዱ ርዝመት ጋር ነው። ረጅሙ ሞገድ ጠልቆ ፈጣኑን መሠረት ያገኛል፤ አጭሩ ላይኛው ንብርብር ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በአንድ ቺፕ ላይ የተለያየ ድግግሞሽ የተለያየ ፍጥነት አለው። የፊዚክስ ሊቁ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1885 የገጽ ሞገድን ያሰላበት ወጥ ቁስ ይህ ጠባይ የለውም። ንብርብር ባለው ቁስ ላይ በስሙ የሚጠራውን ሞገድ እ.ኤ.አ. በ1911 ያሰላው የሒሳብ ሊቁ ላቭ ሲሆን፣ እሱ ያሰበው ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ነበር። የምድር ቅርፊትም ፈጣን መሠረት ላይ የተነጠፈ ንብርብር ነው። እዚያም ረጅሙ የላቭ ሞገድ የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያው ጋ ቀድሞ ይደርሳል።