ነፃነቱ በፖስታ ቤት በኩል ነበር፦ ስለ ቀድሞው የአሜሪካ ፕሬስ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የጋዜጠኝነት ታሪክ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ትምህርቱ የሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካ ላይ ሲደርስ «እዚያ ማንም የፈለገውን ያትም ነበር፤ ሕገ መንግሥቱ ይጠብቀዋል» የሚል ሳይነሣ ቀርቶ አያውቅም። ባለፈው ዓመት ይህንኑ ከአንዲት ጎበዝ ተማሪዬ የፈተና ወረቀት ላይ ሳነብ፣ ጉዳዩን በጽሑፍ ማቅረብ እንዳለብኝ ወሰንሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከቀላሎቹ ልጀምር። የጋዜጣ ባለቤቱ ዊሊያም ራንዶልፍ ኸርስት ከአሜሪካና ከስፔን ጦርነት በፊት ኩባ ለነበረው ሠዓሊ «አንተ ሥዕሉን ላክ፣ ጦርነቱን እኔ አመጣለሁ» ብሎ ቴሌግራም ልኳል የሚለው ወሬ በ1901 ከታተመ የአንድ ጋዜጠኛ መጽሐፍ የመጣ ነው፤ ቴሌግራሙ ተገኝቶ አያውቅም፣ ኸርስትም ክዷል።

በጁን 30 ቀን 1906 የተፈረሙት የምግብና የሥጋ ምርመራ ሕጎች አፕተን ሲንክሌር ስለ ቺካጎ ቄራዎች በጻፈው ልቦለድ ብቻ የተገኙ አይደሉም። ልቦለዱ ቁጣውን አቀጣጥሏል፤ ነገር ግን የግብርና ሚኒስቴሩ ኬሚስት ሃርቪ ዋይሊ ከ1902 ጀምሮ ለበጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ኬሚካል የተጨመረበት ምግብ እያበላ ጉዳቱን ሲመዘግብ ነበር፤ ኮሊየርስ መጽሔትም በ1905 የሐሰት መድኃኒት ሻጮችን አጋልጧል።

ጋዜጣው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር የሚሉም አሉ። በኒው ዮርክ ብቻ በይዲሽ (የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ቋንቋ)፣ በጀርመንኛና በጣሊያንኛ ዕለታዊ ጋዜጦች ይወጡ ነበር። ከኦክቶበር 1917 በኋላ ግን በባዕድ ቋንቋ የሚታተም ጋዜጣ ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጽፍ ትርጉሙን ለአካባቢው ፖስታ ቤት እንዲያስገባ በሕግ ተገደደ።

ዋናው ስሕተት ግን «ሕገ መንግሥቱ ይጠብቀዋል» የሚለው ነው። የፕሬስን ነፃነት የሚያረጋግጠው የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያው ማሻሻያ ከ1791 ጀምሮ ነበረ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በፕሬስ ነፃነት ስም የአንድ ግዛት ሕግ የሻረው በ1931፣ ያውም በአምስት ድምፅ ለአራት ነው። እስከዚያ ድረስ አንድ ጋዜጣ የመኖርና የመሞቱ ጉዳይ በእጅጉ የተንጠለጠለው በፖስታ ታሪፍ ላይ ነበር። ከ1885 ጀምሮ በየጊዜው የሚወጣ ኅትመት «ሁለተኛ መደብ» ተብሎ በአንድ ፓውንድ ክብደት (ግማሽ ኪሎ ገደማ) በ1 ሳንቲም ይላክ ነበር፤ ይህን ፈቃድ ያጣ ግን ስምንት እጥፍ ከፍሎ መላክ ነበረበት፤ ደንበኞቹ በመላ አገሪቱ ለተበተኑ አነስተኛ መጽሔት ይህ ከመዘጋት አይለይም።

በጁን 1917 የጦርነቱን ጥረት የሚያደናቅፍ ጽሑፍ በፖስታ እንዳይላክ ጭምር የከለከለው የስለላ ሕግ ሲወጣ የፖስታ ሚኒስትሩ አልበርት በርልሰን ይህን ታሪፍ መሣሪያ አደረገው። ፖስታ ቤቱ የኒው ዮርኩን ሶሻሊስት መጽሔት ዘ ማሲስን የኦገስት እትም አልቀበልም አለ። ዳኛ ለርንድ ሃንድ ለመጽሔቱ ቢፈርድም ውሳኔው በይግባኝ ታገደ፣ በኋላም ተሻረ። አዘጋጆቹ የሚቀጥለውን እትም ይዘው ሲመጡ የተሰጣቸውን መልስ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ ቀስ ብዬ አነብላቸዋለሁ፦ የኦገስቱ እትም በፖስታ ስላልተላለፈ መጽሔቱ ሳያቋርጥ የሚወጣ ኅትመት መሆኑ ቀርቷል፣ ስለዚህ የሁለተኛ መደብ ፈቃዱ ተሰርዟል። እትሙን ያስቀረው ራሱ ፖስታ ቤቱ ነበር! መጽሔቱ ዓመቱን አልተሻገረም።

የሶሻሊስቱ ፖለቲከኛ የቪክቶር በርገር ዕለታዊ ጋዜጣ ሚልዋኪ ሊደርም በዚያው ዓመት ፈቃዱን ተነጠቀ፤ ቆይቶም ወደ ዝግጅት ክፍሉ የሚላኩ ደብዳቤዎች ሳይቀሩ ለላኪዎቹ ይመለሱ ጀመር። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1921 ለመንግሥት ተፈረደ፤ የተቃወሙት ዳኞቹ ብራንዳይስና ሆልምስ ብቻ ነበሩ። ጋዜጣው ፈቃዱን መልሶ ያገኘው በዚያው ዓመት፣ በፍርድ ቤት ሳይሆን በአዲሱ የፖስታ ሚኒስትር ውሳኔ ነው።

ስለዚህ የዚያን ዘመን ጋዜጣ ስትመረምሩ ከአርዕስተ ዜናው አትጀምሩ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ብዙዎቹን በነፃ በኢንተርኔት አስቀምጧቸዋልና አንዱን ክፈቱ፤ ከጋዜጣው ስም በታች ወይም ከአዘጋጆቹ ስም አጠገብ፣ በደቃቅ ፊደል፣ «በሁለተኛ መደብ ዕቃነት በፖስታ ቤት ተመዝግቧል» የሚል መስመር ታገኛላችሁ፤ ብዙ ጊዜም የከተማው ስምና የተመዘገበበት ቀን አብረው አሉ።