የተሰረቀ ሳይክል እጃችሁ ከገባ

ባሕር ዳር የሳይክል ከተማ ናት። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ተማሪውም ሠራተኛውም ይነዳል። ያገለገለ ሳይክልም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አምና ለእህቴ ልጅ ብዬ አንድ ሰማያዊ ሳይክል ከመንገድ ላይ ገዛሁ። ጎማ ሊቀይርልኝ የያዘው ጠጋኝ ገለበጠና ከፔዳሉ ሥር አሳየኝ። "ወንድሜ፣ የሳይክሉ መለያ ቁጥር ተፍቋል" አለኝ። ሻጩ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ባለቤቱን ልፈልግ ስነሳ ደግሞ ምክሩ ጎረፈ። አብዛኛው ስህተት ነበር።

"ገንዘብህን ከፍለህበታል፣ ያንተ ነው"

አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቅን ልቦና የገዛን ሰው ይጠብቃል፤ የተሰረቀ ዕቃ ሲሆን ግን ሌላ ነው። በቁጥር 1165 መሠረት ባለቤቱ መሰረቁን ካስረዳ ምንም ከማያውቅ ገዢም እጅ ያስመልሳል። ገደቡ ከስርቆቱ ጀምሮ 5 ዓመት ነው። ቁጥር 1166 ለገዢውም ያስባል፦ በቅን ልቦና እንዲህ ያለ ዕቃ ከሚሸጥ ነጋዴ፣ ከገበያ ወይም ከሐራጅ የገዛ ሰው የከፈለው ዋጋ ይመለስለታል። እንደ እኔ ከመንገድ የገዛ ግን ገንዘቡን ከሻጩ ይፈልግ።

"ፖሊስ ጋ ከሄድክ ሌባው አንተ ትሆናለህ"

ብዙውን ሰው የሚያስረው ይሄ ፍርሃት ነው። እኔም ሳይክሉን ጓዳ ከትቼ ሁለት ሳምንት ተቀምጫለሁ። አደገኛው ግን መደበቁ ራሱ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ቁጥር 682 የሚመለከተው ዕቃው የወንጀል ፍሬ መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው የገዛን፣ የሸሸገን ወይም የሸጠን ሰው ነው። ስገዛ አላወቅሁም። ጠጋኙ ካሳየኝ በኋላ ግን አላወቅሁም ማለት አልችልም። ሄጄ ከማን፣ የት፣ በስንት እንደገዛሁ ቃሌን ሰጠሁ፤ የሻጩንም ስልክ ሰጠሁ። ሳይክሉ በኤግዚቢትነት፣ ማለትም በማስረጃነት ተመዘገበ። የተረከቡበትን ወረቀት ሳትቀበሉ እንዳትወጡ አደራ!

"ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ልቀቀው"

ከነምልክቱ ከለቀቃችሁት፣ ምልክቱን ከፎቶው አንብቦ "የእኔ ነው" የሚል ይመጣል። ቀለሙን ብቻ ጻፉ።

"ባለቤቱ ደረሰኝ ከሌለው በምን ያስረዳል?"

ያገለገለ ሳይክል በደረሰኝ የሚገዛ ስንት ሰው አለ? የድሮ ፎቶ፣ የበየደው ባለሙያ፣ ሲነዳው የኖረ ጎረቤት ማስረጃ ይሆናሉ።

"ባለቤቱን ካላገኘኸው ሳይክሉን ለቤተ ክርስቲያን ስጠውና ተገላገል"

ይሄንን እናቴ ነበረች ያለችኝ፣ ከልቧ። የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። "ልጄ፣ የሰው ገንዘብ አይመጸወትም። መጀመሪያ ባለቤቱን ፈልግ" አሉኝ። በወንጌል ያለውን ቀራጭ ዘኬዎስን አነሡልኝ። ለድሆች የሰጠው ከራሱ ሀብት ግማሹን ነው። የቀማውን ደግሞ ለቀማቸው ሰዎች አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ሁለቱን አልቀላቀለም።

ሳይክሉ አሁንም ጣቢያው ግቢ ነው። ሰማያዊ ነው፣ የልጅ ሳይዝ ነው። ኮርቻው ሥር አንድ ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ባሕር ዳር ወይም ዙሪያዋ እንዲህ ያለ ሳይክል የጠፋባችሁ፣ ያመለከታችሁበት ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ ኮርቻው ሥር ያለውን ንገሩ።