ስለ ውፍረትና ስለ ዘር ተሳስተን የምንናገረው፣ አይጦቹ ደግሞ ያሳዩን

ያለፈው ፋሲካ ቢቸና እናቴ ቤት ተሰብስበን ዶሮው ቀርቦ እየተበላ፣ የ13 ዓመቷ የእህቴ ልጅ እንጀራ ልትደግም እጇን ስትዘረጋ አንዲት ጎረቤታችን «አንቺ ልጅ ኧረ በቃሽ፣ ይሄ ሆድሽ ነው የሚያጠፋሽ» አሏት፣ ሰው ሁሉ ፊት። ልጅቷ የቆረሰችውን መልሳ ትሪው ላይ አድርጋ ጓዳ ገባች፣ ቡናው ተፈልቶ በረካው እስኪጠጣ ድረስ አልወጣችም። እኔ ደብረ ማርቆስ ሃይስኩል ባዮሎጂ ነው የማስተምረው፣ ስለ ውርስ ስናወራ ሁሌ የማነሳው የአይጦች ታሪክ አለ፣ የዛን ቀን ግን ለእትዬ እንዴት ብዬ እንደማስረዳቸው ቃሉ አልመጣልኝም። ስለዚህ እዚህ በደንብ ልጻፈው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)።

«ወፍራም ሰው ራሱን መግዛት ያቃተው ነው»

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሌላው ስህተት ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። አሜሪካ ሜይን ግዛት ባር ሃርበር የምትባል ከተማ ውስጥ ጃክሰን ላቦራቶሪ የሚባል አይጥ እያረባ የዘር ነገር የሚያጠና ተቋም አለ። በ1949 እዛ ከሚረቡት አይጦች መሃል ከመጠን ያለፈ ወፍራም የሆኑ ተገኙ፣ እናት አባታቸው ቀጫጭን፣ አብረዋቸው የተወለዱት ቀጫጭን፣ መኖው አንድ፣ ቤታቸው አንድ፣ እነሱ ግን አድገው የሌላውን አይጥ ሦስት እጥፍ ይመዝናሉ። እንግዲህ አይጥን ማንም ሰው ሰነፍ ነው፣ ፈቃደ ደካማ ነው ብሎ ሊወቅሰው አይችልም። ቆይቶ በ1966 ሌላ ዓይነት ወፍራም አይጥ ይፋ ሆነ፣ እሱ ደግሞ ከውፍረቱ ጋር ከባድ ስኳር አለበት።

ዳግላስ ኮልማን የሚባል ካናዳዊ ሳይንቲስት ሁለቱን አይነት አይጦች ይዞ ዓመታት የፈጀ ስራ ሰራ። ያደረገው እንዲህ ነው፣ ሁለት አይጦችን ጎን ለጎን አድርጎ በቀዶ ጥገና ቆዳቸውን ያያይዛል፣ ቁስሉ ሲድን ትናንሽ የደም ስሮች ከአንዱ ወደ አንዱ ይሻገራሉ፣ ስለዚህ ደም ውስጥ ያለ ነገር ከአንደኛው ወደ ሌላኛው ያልፋል ማለት ነው። ስኳር ያለበትን ወፍራም አይጥ ከጤነኛ ጋር ሲያያይዘው ጤነኛው መብላት አቆመ፣ መኖው አጠገቡ እያለ እየከሳ ሄዶ በረሃብ ሞተ፣ ወፍራሙ ግን መብላቱን ቀጠለ። ቀጥሎ የመጀመሪያውን ወፍራም አይጥ ከጤነኛ ጋር ሲያያይዘው ወፍራሙ አበላሉን ቀነሰ። ሁለቱን ወፍራሞች እርስ በርስ ሲያያይዛቸው ደግሞ የመጀመሪያው አይነት በረሃብ ሞተ፣ ባለ ስኳሩ መወፈሩን ቀጠለ።

ትንሽ ቆም ብላችሁ አስቡት። ኮልማን የደረሰበት መደምደሚያ ደም ውስጥ «በቃ ጠገብኩ» የሚል መልዕክት አለ የሚል ነው፣ አንደኛው አይጥ መልዕክቱን መስራት አይችልም፣ ሌላኛው በገፍ ይሰራል ግን ጭንቅላቱ አይሰማውም። ይሄ በ1973 ነው የታተመው። ያኔ ብዙው ባለሙያ ውፍረት የጠባይ ጉዳይ ነው ብሎ ያምን ስለነበር ቶሎ አልተቀበሉትም፣ ሰውዬው ግን ያየውን አየ፣ ዝም ብሎ ስራውን ቀጠለ። እኔ በጣም የማከብረው ለዚህ ነው።

«ስብ ዝም ብሎ የተከማቸ ትርፍ ነገር ነው»

ያቺን መልዕክት በ1994 ያገኛት ኒውዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ያለው ጄፍሪ ፍሪድማን ነው፣ ከቡድኑ ጋር ጂኑን (መልዕክቷ የምትሰራበትን፣ ከወላጅ የሚወረሰውን መመሪያ) ሲፈልጉ 8 ዓመት ገደማ ፈጅቶባቸዋል። ስሟን ሌፕቲን አሏት፣ በግሪክ ቀጭን ከሚል ቃል። የምትሰራው የት ነው? እዛው ስቡ ውስጥ! ማለትም ስብ ራሱ ሆርሞን (በደም የሚሄድ መልዕክት) እየሰራ ለአንጎል ይልካል።

እናቴ ነሐሴ ላይ ጎታው ውስጥ እጇን እስከ ክንዷ ከታ ታያለች፣ እህሉ ዝቅ ካለ ከዛን ቀን ጀምሮ የምታቦካው ሊጥ ይቀንሳል፣ ድግስ ካለም ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል፣ ማንም አይነግራትም፣ ጎታው ነው የሚነግራት። ሌፕቲን ማለት እንደዛ ነው፣ ስቡ ስንት እንደቀረ ለአንጎል የምትነግር። ያ የመጀመሪያው ወፍራም አይጥ ጎታው ሞልቶ እየፈሰሰ ወሬው ስለማይደርሰው አንጎሉ ባዶ ነው ብሎ ያምናል። ለዚህ ነው ያለማቋረጥ የሚበላው፣ ለዚህ ነው እምብዛም የማይንቀሳቀሰው፣ ብርድ የማይችለው፣ የማይወልደው። ልክ ክፉ ቀን እንደመጣበት ቤት ሁሉን ነገር ይቆጥባል። ከጤነኛው ጋር እኩል ተመጥኖ ቢሰጠው እንኳን ከጤነኛው የበለጠ ስብ ነው የሚያጠራቅመው። ከዛ በ1995 ሌፕቲን በመርፌ ሲሰጡት በሁለት ሳምንት ከክብደቱ 30 በመቶ ያህሉን ቀነሰ፣ ባለ ስኳሩ አይጥ ላይ ግን ምንም አልሰራም፣ ኮልማን ከ20 ዓመት በፊት እንዳለው ማለት ነው። ኮልማንና ፍሪድማን በ2010 ላስከር የሚባለውን ትልቅ የሕክምና ምርምር ሽልማት አብረው ወሰዱ።

«አይጥና ሰውን ምን አገናኛቸው»

የሰውና የአይጥ ሌፕቲን 84 በመቶ አንድ ነው። ይሄ ካልበቃ ደግሞ በ1997 እንግሊዝ አገር ሁለት የዘመዳሞች ልጆች ተገኙ፣ አንዷ የ8 ዓመት ልጅ 86 ኪሎ፣ ሌላው የ2 ዓመት ሕፃን 29 ኪሎ፣ ሲወለዱ ግን ክብደታቸው እንደ ማንኛውም ልጅ ነበር። ቢበሉ ቢበሉ አይጠግቡም። ደማቸው ሲታይ ሌፕቲን የለም ማለት ይቻላል፣ ልክ እንደ አይጡ። ትልቋ ልጅ በየቀኑ ሌፕቲን በመርፌ ስትወስድ በአንድ ዓመት ውስጥ 16 ኪሎ ገደማ ቀነሰች፣ የምግብ ፍላጎቷም ረገበ። እናትና አባቷ እኮ አስቀድመው ያልሞከሩት ነገር የለም፣ ምግብ ቢነፍጓት ስታለቅስ የሚያዩት እነሱ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የዚህ አይነት ጉድለት የሚመጣው ልጁ የተበላሸውን ጂን ከእናቱም ከአባቱም ሲወርስ ነው፣ አንዱን ብቻ የወረሰ አይታመምም፣ ተሸካሚ ይሆናል። ልጆቹም የተገኙት ዘመድ ከዘመድ ከተጋባበት ቤተሰብ ነው። ጎጃም ውስጥ ሽማግሌ ሲላክ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዝምድና የሚጣራው ነገር ወጣቱ እንደ ኋላቀር ያየዋል፣ እኔ ግን ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ ነው የማሳየው፣ የማይታይ አንድ አይነት ጂን የተሸከሙ ሁለት ሰዎች እንዳይገናኙ ዕድሉን በጣም ይቀንሰዋል።

«በቃ ሌፕቲን ገዝቶ መዋጥ ነዋ»

ቴሌግራም ላይ በሌፕቲን ስም ክኒን የሚሸጡ አሉ፣ አንድ የስራ ባልደረባዬ የሁለት ወር ገዝታ ብሯን አቃጥላለች። ሌፕቲን ፕሮቲን ነው፣ ብትውጡት ሆድ ውስጥ እንደ እንቁላል ይፈጫል፣ ደም ውስጥ አይገባም። በመርፌም ቢሆን ለአብዛኛው ወፍራም ሰው እምብዛም አይሰራም፣ ምክንያቱም ብዙ ስብ ያለው ሰው ሌፕቲኑም ብዙ ነው፣ ችግሩ አንጎሉ በደንብ አለመስማቱ ነው። በ1999 በወፍራም ሰዎች ላይ ተሞክሮ ብዙ ተስፋ የተጣለበት ያህል አልሆነም። መርፌው ዛሬ የሚሰጠው ለተለዩ፣ ብርቅ ለሆኑ ሕመሞች ነው፣ በሐኪም።

«ሁዳዴ ጾም ላይ ኪሎ ቀንሼ ከፋሲካ በኋላ የተመለሰብኝ ሆዳም ስለሆንኩ ነው»

አይደለም። ስብ ሲቀንስ ሌፕቲንም ይቀንሳል፣ አንጎል ይሄንን «ረሃብ ገባ» ብሎ ነው የሚያነበው፣ ስለዚህ ረሃቡን ይጨምራል፣ ሰውነት የሚያቃጥለውን ይቀንሳል። በ1996 የታተመ አንድ ስራ ላይ አይጦችን ለሁለት ቀን አስርበው ሌፕቲን ሲወጓቸው ሰውነታቸው የረሃብ ጊዜ የሚያደርገውን የሆርሞን ለውጥ ብዙውን ሳያደርግ ቀረ። 55 ቀን ጾማችሁ ከዛ በኋላ ቅቤው ዶሮው ሲመጣ እጅ የሚፈጥነው ለዚህም ጭምር ነው።

«በዘር ከሆነማ ምንም ማድረግ አይቻልም»

ይሄ ደግሞ ሌላው ጫፍ ነው፣ እህቴ ራሷ «እንግዲህ ዘራችን ነው» ብላ ተቀምጣለች። በአንድ ጂን ብልሽት የሚመጣ ውፍረት በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው ያለው፣ የአብዛኞቻችን ከብዙ ጂኖች የተጠራቀመ ነው፣ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይጨምራል። በ2007 የታወቀው ኤፍቲኦ የሚባለው ጂን ለምሳሌ ከሁለቱም ወላጅ ክብደት የሚጨምረውን አይነት የወረሰ ሰው ካልወረሰው ሰው በአማካይ 3 ኪሎ ያህል ቢበልጥ ነው። የእህቴ ልጅም እንደ አብዛኞቻችን ናት።

ሌላ አይጥ ልንገራችሁ። በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምስራቅ በረሃ የሚኖር የአሸዋ አይጥ አለ፣ ጨዋማ ቅጠል እየበላ ሸንቃጣ ሆኖ ነው የሚኖረው፣ ላቦራቶሪ አምጥተው የተለመደውን የአይጥ መኖ ሲሰጡት ብዙዎቹ ይወፍራሉ፣ ስኳርም ይይዛቸዋል። ጂኑ ያው ነው፣ የተቀየረው ምግቡና ኑሮው ነው። አሁን ሸበል በረንታ በእግሩ ገበያ ወጥቶ የሚመለሰውን አጎቴንና ባህር ዳር በባጃጅ የሚሄደውን ልጁን ሳይ ይሄ አይጥ ነው ትዝ የሚለኝ። አንድ ደም ናቸው፣ አንዱ ጠዋት ቆሎ ይዞ ይወጣል፣ ሌላው በየቀኑ ለስላሳና ብስኩት ነው። ለእህቴም የነገርኳት ይሄንኑ ነው፣ ልጅቷን ብቻዋን ምግብ አትንፈጊያት፣ ለስላሳውን ለቤቱ ሁሉ ተዉት፣ ትምህርት ቤትም በእግሯ ትሂድ አልኳት።

«ሕፃን ሲወፍር ደስ ይላል፣ ጤና ነው»

አብዛኛው ድቡልቡል ሕፃን ጤነኛ ነው፣ እሱ አያሳስብም። ግን ከተወለደ በወራት ውስጥ ክብደቱ በፍጥነት የሚጨምር፣ በልቶ ወዲያው የሚያለቅስ፣ ሌሊት ተነስቶ ምግብ የሚፈልግ፣ ሊጥም ፍርፋሪም ያገኘውን የሚበላ ልጅ ካለ ጉዳዩ የአስተዳደግ ጉድለት ላይሆን ይችላል፣ የሕፃናት ሐኪም ጋር ውሰዱት፣ የክትባት ካርዱ ላይ ያለውን የክብደት መዝገብ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ወላጆቹ ዘመዳሞች ከሆኑም ሳትደብቁ ንገሩት።

እትዬን ባለፈው ሳምንት ቢቸና ሄጄ አገኘኋቸው፣ ስለ ጎታውና ስለ አይጡ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ታዲያ ያቺ ልጅ ያን ቀን ርቧት ነበር ማለት ነው?» አሉኝ። አዎ እትዬ፣ ርቧት ነበር አልኳቸው።