የድንጉላ ፈረስ የኢቪኤ ዘረመል ምርመራ ምንድን ነው?

ድንጉላው ጤነኛ ነው። በደንብ ይበላል፣ ይጋልባል፣ ባዝራ ሲያይ ያሽካካል። ባዝራዎችም ያረግዙለታል። ሙቀቱ ቢለካ፣ በእጅ ቢዳሰስ፣ የዘር ፈሳሹ በማይክሮስኮፕ ቢታይ አንዳች እንከን አይወጣለትም። ሆኖም በሰረረ ቁጥር ከዘሩ ጋር ቫይረስ ያስተላልፋል። እንዲህ ሆኖ ዓመታት፣ አንዳንዴም ዕድሜውን ሙሉ ሊቆይ ይችላል።

በሽታው ኢኳይን ቫይራል አርተራይቲስ ይባላል። የእንስሳት ሐኪሞችና አርቢዎች በአጭሩ ኢቪኤ ይሉታል። ይህን ስውር ተሸካሚ የሚያጋልጠው የዘረመል ምርመራ ነው፤ ማለትም በዘር ፈሳሹ ውስጥ የቫይረሱን የራሱን ዘረመል ፈልጎ ማግኘት። ጉዳዩ ላይ ግራ መጋባት የበዛበት ምክንያት አለ። የደም ምርመራው ከዘር ፈሳሽ ምርመራው ጋር ይምታታል። የቫይረሱ ዘረመል ከፈረሱ ዘረመል ጋር ይምታታል። ውጤቱ ቀላል አይደለም፤ ምንም የሌለበት ድንጉላ ያለጥፋቱ ከእርባታ ይወጣል፣ አደገኛው ደግሞ "ነፃ ነው" ተብሎ ይሸጣል።

ከበሽታው እንጀምር። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቫይረሱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየው በ1953 በአሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ነው። ቢዩሳይረስ በምትባል ከተማ አካባቢ በነበረ የስታንዳርድብሬድ ፈረሶች እርባታ ባዝራዎች ይጨነግፉ ነበር። ከጨነገፈ ጽንስ ሳንባ ቫይረሱ ተገኘ። ያ የቫይረስ ዝርያ እስከ ዛሬ የላቦራቶሪዎች ማነጻጸሪያ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚሰጠው ክትባትም የተሠራው ከእሱ ነው፤ ቫይረሱን በላቦራቶሪ አዳክመው።

ቫይረሱ የትንንሽ ደም ቅዳ ቧንቧዎችን ግድግዳ ያቆጣል። ከቧንቧዎቹ ፈሳሽ ይወጣና በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። የፈረሱ እግር፣ ሆዱ ሥር፣ የዓይኑ ዙሪያ፣ የድንጉላውም የብልት ፍሬ ከረጢት የሚያብጠው ለዚህ ነው። ትኩሳቱ እስከ 41 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ዓይን ይቀላል፣ አፍንጫ ይፈሳል፣ ቆዳ ላይ ሽፍታ ይወጣል። የሚበዙት ፈረሶች ግን ምንም ሳይታይባቸው ያልፋሉ። የታመመ አዋቂ ፈረስም አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ወደ ሰው አይተላለፍም።

ጉዳቱ የሚከፋው ባዝራዋና ውርንጭላው ላይ ነው። ያረገዘች ባዝራ ከተያዘች ልትጨነግፍ ትችላለች። በአንዳንድ መንጋ ከአሥር አንዷ፣ በሌላው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሊጨነግፉ ይችላሉ። አዲስ የተወለደ ውርንጭላ ደግሞ በከባድ የሳንባ ምች ሊሞት ይችላል። ለአንድ አርቢ የ11 ወር እርግዝና በአንድ ሌሊት መና ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ ፈረስ ያረባ ያውቀዋል።

ቫይረሱ በዋናነት በሁለት መንገድ ይተላለፋል። አንዱ በትንፋሽ ነው፤ የታመመ ፈረስ ሲያነጥስና ሲያስል፣ አጠገቡ ያለው ይይዘዋል። ሁለተኛው በስሪያ ነው። በስሪያ የሚተላለፍ የፈረስ በሽታ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በአርሲና ባሌ ደጋ ፈረሶችን የሚያሰቃየው ዱሪን በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ዱሪንን የሚያመጣው ግን ትራይፓኖሶም የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ ቫይረስ አይደለም። በኢቪኤ ላይ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ቫይረሱ በቀዘቀዘም ሆነ በረዶ በሆነ የዘር ፈሳሽ ውስጥ አይሞትም። ስለዚህ ፈረሱ ከጋጣው ሳይወጣ በሽታው በአውሮፕላን ተጭኖ ሌላ አገር ይገባል።

ለምን ድንጉላው ብቻ?

ባዝራ ስትያዝ ሰውነቷ ቫይረሱን በሳምንታት ውስጥ ያስወግደዋል። የተኮላሸ ፈረስም እንዲሁ። ቋሚ ተሸካሚ የሚሆነው ድንጉላው ብቻ ነው። ከተያዙ ድንጉላዎች ከ10 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ተሸካሚ ሆነው ሊቀሩ ይችላሉ፤ አንዳንዶቹ ለጥቂት ሳምንታት፣ ሌሎቹ ለዓመታት።

ቫይረሱ የሚደበቀው በዘር መተላለፊያ ቱቦው ውስጥ፣ በተለይ ቱቦው መጨረሻው አካባቢ ሰፋ በሚልበት ክፍል ነው። እዚያ ለመቆየት የወንድነት ሆርሞኑን፣ ቴስቶስትሮንን ይፈልጋል። ይህ የታወቀው ተሸካሚ ድንጉላዎች ሲኮላሹ ቫይረሱ ከሰውነታቸው ስለጠፋ ነው። ሆርሞኑ የተመለሰላቸው ግን ቫይረሱን መርጨታቸውን ቀጠሉ። በጣም የሚገርም ግኝት ነው። የበሽታ መከላከያው በደሙ ውስጥ እያለ፣ ቫይረሱ አንዲት ጥግ ይዞ ይኖራል።

ተሸካሚ ድንጉላ ከዚህ በፊት ቫይረሱን የማታውቅ ባዝራ ከሰረረ፣ ከ85 እስከ 100 በመቶ ባለው ዕድል ያስይዛታል። እሷ ወደ መንጋዋ ስትመለስ በትንፋሽ ለሌሎቹ ታዳርሳለች። ከእነዚያ መካከል ያረገዙ ካሉ መጨንገፉ የሚጀምረው እዚያ ነው። ድንጉላው ሌላ ጋጣ፣ ምናልባትም ሌላ አገር ነው ያለው። ጥፋቱን ማንም ከእሱ ጋር አያያይዘውም።

የደም ምርመራው የት ላይ ይቆማል?

መጀመሪያ የሚሠራው የደም ምርመራ ነው። በደሙ ውስጥ ቫይረሱን የሚያከሽፍ አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን፣ መኖር አለመኖሩን ያያል። ደሙ በ1 ለ4 ወይም ከዚያ በላይ በሆነ መጠን ተበርዞም ቫይረሱን ካከሸፈ ውጤቱ ፖዘቲቭ ይባላል። ኔጋቲቭ የሆነ ድንጉላ ተሸካሚ አይደለም፤ ቅርብ ጊዜ ካልተያዘ በቀር ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ፖዘቲቭ ከሆነስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። አንቲቦዲ እንግዳው መምጣቱን ይነግራችኋል፤ መሄዱን ግን አይነግራችሁም። ድንጉላው ድሮ ተይዞ ጨርሶ ድኖ ሊሆን ይችላል። ተከትቦም ሊሆን ይችላል። ወይም ዛሬም ቫይረስ እየረጨ ይሆናል። ሦስቱም በደም ምርመራ አንድ ዓይነት ውጤት ይሰጣሉ። በስታንዳርድብሬድ ዝርያ ላይ ደግሞ ፖዘቲቭ የሆነው ፈረስ ብዙ ነው፤ ሁሉንም ተሸካሚ ብሎ ማሰብ ሙሉ ዝርያን መኮነን ነው።

ስለዚህ ደሙ ፖዘቲቭ የሆነ ድንጉላ የዘር ፈሳሹ መመርመር አለበት። ናሙናው የዘር ሕዋስ በብዛት የሚገኝበት የፈሳሹ ክፍል መሆን ይኖርበታል። መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ቀጭን ፈሳሽ ቫይረሱን አይዝም። እሱን ብቻ ቀድቶ የላከ ሰው ሐሰተኛ "ነፃ" ይዞ ይመለሳል። ናሙናው ወዲያው መቀዝቀዝና ሳይሞቅ ላቦራቶሪ መድረስም አለበት። ለእኔ ከማሽኑ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ደረጃ ነው። የተበላሸ ናሙናን የትኛውም ላቦራቶሪ አያድነውም።

ፒሲአሩ እንዴት ይሠራል?

የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልገው ምርመራ ፒሲአር ይባላል፤ በኮቪድ ጊዜ ያላወቀው የለም። እዚህም ያው ነው። የኢቪኤ ቫይረስ ዘረመል አርኤንኤ ነው፤ ወደ 12,700 ገደማ ፊደሎች ያሉት አንድ ክር። አርኤንኤ ቶሎ ይበላሻል፣ ፒሲአርም የሚያባዛው ዲኤንኤን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አርኤንኤው በኢንዛይም ወደ ዲኤንኤ ይገለበጣል። ከዚያ የቫይረሱን አንድ ቁራጭ ብቻ ለይተው የሚይዙ አጫጭር ክሮች ይጨመሩበታል። ማሽኑ ያሞቃል፣ ያቀዘቅዛል፤ በእያንዳንዱ ዙር ቁራጩ እጥፍ ይሆናል። 30 ዙር ሲሞላ አንዲት ቅጂ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ትሆናለች። በናሙናው ውስጥ ቫይረሱ ከሌለ የሚባዛ ነገር አይኖርም።

የሚመረጠው ቁራጭ ብዙ የማይለዋወጥ መሆን አለበት፤ አለዚያ ምርመራው የተለወጠውን ቫይረስ ያልፈዋል። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ኦአርኤፍ 7 የሚባለው ክፍል ነው። የቫይረሱን ዘረመል የሚጠቀልለውን ፕሮቲን የሚሠራው እሱ ነው።

ጉድለትም አለው። የዘር ፈሳሽ ውስጥ ፒሲአርን የሚያደናቅፉ ነገሮች ስላሉ፣ ጥሩ ላቦራቶሪ ሥራው መሳካቱን የሚያሳይ መቆጣጠሪያ አብሮ ያስገባል። በተጨማሪም ፒሲአር የሚያየው ዘረመሉን እንጂ ቫይረሱ በሕይወት መኖሩን አይደለም። እሱን ለማረጋገጥ ቫይረሱን በላቦራቶሪ በሕዋስ ላይ ማሳደግ ያስፈልጋል። ሌላው መንገድ ድንጉላውን ቫይረሱን ከማያውቁ ሁለት ባዝራዎች ጋር ማገናኘትና ከ28 ቀን በኋላ ደማቸውን ማየት ነው። አድካሚ ነው፤ ግን ይሠራል።

ዘረመሉ ከተገኘ በኋላ ፊደሎቹን ማንበብም ይቻላል። እንደ እኔ የነገሩ ደስ የሚል ክፍል ይህ ነው። ኦአርኤፍ 5 የሚባለው ክፍል በፍጥነት ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ከአንድ ምንጭ የመጡትን ከሌሎቹ ለመለየት ይጠቅማል። በ2006 በአሜሪካዋ ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ ኳርተር ሆርስ የተባለ የፈረስ ዝርያ በሚረባበት ቦታ የኢቪኤ ወረርሽኝ ተነሣ። ከዚያ በቀዘቀዘ የዘር ፈሳሽና በሚዘዋወሩ ፈረሶች ወደ ሌሎች የአሜሪካ ግዛቶች ደረሰ። ከተለያየ ቦታ የመጡት ቫይረሶች ሲነበቡ እርስ በርስ ተመሳሳይ ነበሩ። በሽታው ከአንድ ምንጭ መነሣቱ በዚህ ታወቀ።

ሌላም ነገር ተገኝቷል። ቫይረሱ በወረርሽኝ ጊዜ ከፈረስ ወደ ፈረስ ሲሄድ ብዙም አይለወጥም። በተሸካሚው ድንጉላ ውስጥ ግን ዓመት ከዓመት ይለዋወጣል፤ በአንድ ፈረስ ውስጥ ብዙ ዓይነት ሆኖ ይኖራል። አዲስ ዓይነት ቫይረስ የሚፈለፈለው እዚያ ነው። ተሸካሚውን መለየት የአንድ ጋጣ ጉዳይ ብቻ የማይሆነው ለዚህ ነው።

የፈረሱ ዘረመል ደግሞ ሌላ ነው

አሁን የሚምታታው ሁለተኛው ነገር። ለምን አንዱ ድንጉላ ተሸካሚ ሆኖ ይቀራል፣ ሌላው ያጸዳዋል? የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ የግሉክ የፈረስ ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች መልሱን በፈረሱ 11ኛ ክሮሞሶም ላይ አገኙት። በ2016 ባወጡት ጥናት ሲኤክስሲኤል16 የተባለውን ዘረመል ለይተዋል። ይህ ዘረመል በሁለት ዓይነት ይመጣል። አንደኛው ዓይነት የሚሠራው ፕሮቲን ቫይረሱ የተወሰኑ ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ እንዲገባ በር ይከፍትለታል። ድንጉላው ከአባቱም ይሁን ከእናቱ የዚህን ዓይነት አንድ ቅጂ እንኳ ከወረሰ፣ ተሸካሚ ሆኖ የመቅረት ዕድሉ ከፍ ይላል።

ይህ ምርመራ ስለ ፈረሱ ተፈጥሮ ነው የሚናገረው። ያ ዘረመል ያለው ድንጉላ ቫይረሱን አይቶት የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለው ውርንጭላ ክትባቱን አለማዘግየት ትልቅ ጥቅም አለው። "የዘረመል ምርመራ ተደርጎለታል" የሚል ሻጭ ሲያጋጥማችሁ፣ የቫይረሱን ነው የፈረሱን ብላችሁ ጠይቁ።

ፖዘቲቭ ቢሆንስ?

ተሸካሚ መሆኑ የተረጋገጠ ድንጉላ መገደል የለበትም። የመራባት አቅሙ አልተነካም። ቀድሞ የተያዙ ወይም በትክክል የተከተቡ ባዝራዎችን ብቻ እንዲሰርር ይደረጋል። አዲስ የተከተበች ባዝራ ከመሰረሯ በፊት ክትባቱ እስኪይዝ ይጠበቃል፤ ከስሪያውም በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል ተለይታ ትቆያለች። ለእርባታ የማይፈለግ ከሆነ ማኮላሸት ነገሩን ይጨርሰዋል። ብሪታንያ ውስጥ ከ1995 ጀምሮ በሕግ፣ በድንጉላ ላይ ወይም ባለፉት 14 ቀናት በተሰረረች ባዝራ ላይ በሽታው ከተጠረጠረ ለመንግሥት ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ወጣት ወንድ ውርንጭላ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜው ቢከተብ፣ በኋላ ተሸካሚ እንዳይሆን ይጠበቃል። ከመርፌው በፊት ግን ደሙ ተወስዶ ኔጋቲቭ መሆኑ በወረቀት ይያዝ። ክትባቱ ራሱ አንቲቦዲ ስለሚፈጥር፣ ያ ወረቀት ከሌለ ፈረሱ ለሽያጭ ወይም ለውጭ አገር ሲቀርብ ፖዘቲቭነቱ ከክትባት ይሁን ከበሽታ ማንም ሊመሰክርለት አይችልም።