ኢየሉጣም ፈርታ ነበር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የሐምሌ 19 ዕለት ታቦቱ ገና ሳይገባ ዝናቡ መጣ። ሕዝቡ ወደ ቅጥሩ ውስጥ ሲጋፋ አንዲት እህት ነጠላዋ ሰውነቷ ላይ ተጣብቆ ከበሩ ውጪ ቆማ ቀረች። ከአረብ አገር ከተመለሰች ወር አልሞላትም። አጠገቤ ሁለት ሴቶች ጥላ ተጋርተው ያወራሉ። «አንገቷን አየሽው? ማተቧን በጥሳዋለች እኮ!» አለች አንደኛዋ። ሌላዋ ከንፈሯን መጠጠች። ያን ዕለት ስለ ቂርቆስና ኢየሉጣ ያስተማርሁት እኔ ነበርሁ፤ ትምህርቱ የት እንደገባ እንጃ።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ኢየሉጣ የሦስት ዓመት ልጇን ቂርቆስን ይዛ፣ አገሯን ጥላ ተሰደደች፤ የሸሸችው መኰንን ግን በደረሰችበት አገር ጠበቃት። ሕፃኑም እናቱም ክርስቶስን አንክድም አሉ፤ መኰንኑም በጋን ውኃ አስፍልቶ እንዲጣሉበት አዘዘ። የፈላው ጋን እንደ ክረምት ነጎድጓድ ሲያስገመግም ግን የእናቲቱ ልብ ከዳት።

እዚህ ላይ ቶሎ አንለፍ። የቅዱሳንን ታሪክ የያዘው ስንክሳር ፍርሃቷን አልሸሸገላትም፤ እኛ ብንሆን ኖሮ «ሳትፈራ ገባች» ብለን በጻፍንላት! ሕፃኑስ ምን አላት? «አንቺም ብለሽ የሰማዕት እናት» አላላትም። «እናቴ ሆይ፣ አትፍሪ፤ አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን ከእቶን ያወጣ አምላክ እኛንም ያድነናል» አላት፤ ስለ እርሷም ጸለየላት። ከዚያ በኋላ ነው አብራው የገባችው፤ ቅዱስ ገብርኤልም ውኃውን አቀዘቀዘው።

ሕፃኑ የጠራቸው ሠለስቱ ደቂቅ ለንጉሡ የመለሱትን ደግሞ አስታውሱ፦ «ነገር ግን እርሱ ባያድነን...» (ዳን. 3፥18)። ይህችን «ባያድነን» ስለት ስንሳል እንዘላታለን። ሐምሌ 19 የፈላውን ውኃ ያቀዘቀዘ አምላክ፣ ጥር 15 በቂርቆስ አንገት ላይ የመጣውን ሰይፍ አልመለሰውም። ያን ቀን ገብርኤል ጨከነ ማለት ነው? አምላክስ ያው አይደለም ወይ? ቪዛው ሲመጣ ጧፍ ይዞ የሮጠ፣ ሲቀር ከደጁ የሚጠፋ ሰው ግን ስንት አለ።

ወደዚያች እህት ልመለስ፤ የምጽፈው ፈቅዳልኝ ነው። ፓስፖርቷ አሠሪዋ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት፣ ስልኳ ተነጥቆ፣ «ያን ክር አውልቂ» ሲሏት «አትፍሪ» የሚላት ሕፃን እንኳ አጠገቧ አልነበረም። በጠሰችው። ግን አልጣለችውም፤ የሻንጣዋን ገበር ተርትራ፣ ከውስጥ ሰፍታበት ይዛው መጥታለች።

እኔ ደግሞ ልናገር። መሥሪያ ቤት ሳለሁ ዓይኔ ያላየውን ዕቃ «ተረክቤያለሁ» ብዬ ሞዴል 19 ላይ ፈርሜአለሁ። (ቁጥሩ ራሱ አያሳፍርም?) ጋን አልተጣደልኝም፤ የአለቃዬ ፊት እንዳይጠቁር ብዬ ነው። ስፈርም ማተቤ አንገቴ ላይ ነበር። እስከ ዛሬ አንገቴን አይቶ የተንሾካሾከብኝ ሰው የለም።

ክህደት ቀላል ነው እያልሁ አይደለም። «በሰው ፊትም የሚክደኝን ሁሉ እኔ ደግሞ በሰማያት ባለው በአባቴ ፊት እክደዋለሁ» ያለ ጌታ (ማቴ. 10፥33) ቃሉን አያጥፍም። ነገር ግን ሦስት ጊዜ «አላውቀውም» ያለውን ጴጥሮስን ከእንባው በኋላ «በጎቼን ጠብቅ» ያለውም እርሱ ነው። ቤተ ክርስቲያንም የሚመለስ እንዳለ አውቃ፣ ክዶ ለተመለሰ ሰው የሚጸለይበትን መጽሐፈ ቄደርን አዘጋጅታለች። ማንም ላይመለስ ኖሮ ያ መጽሐፍ ለምን ይጻፍ ነበር? ካህኑ ጸሎቱን አድርሶ ሊቀበል ቆሞ ሳለ እኛ በር ላይ ዘበኛ ሆነን አረፍነው!

እህታችን ለንስሐ አባቷ ነግራ ቀኖናዋን ጀምራለች። ቅዳሴ ግን አሁንም ከቅጥሩ ውጪ ቆማ ነው የምትሰማው። እናንተ ሁለት እህቶቼ፣ ይህን ካነበባችሁ፣ ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ያ ጥላችሁ ለሦስት ይበቃል።